አጠራጣሪ ኢሜይልና የመሥሪያ ቤት ዝምታ

በወልቂጤና በቡታጅራ የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ ዝርዝር፣ የታካሚ መዝገብ፣ የተማሪ ውጤትና የግዥ ሰነድ በኮምፒዩተር መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ይሁን እንጂ ሠራተኛው አጠራጣሪ ኢሜይል ሲደርሰው፣ ይባስ ብሎም ሳያውቅ ሲከፍተው፣ ለማንና በምን ያህል ፍጥነት መናገር እንዳለበት የሚወስነው አሠራር ከኮምፒዩተሩ እኩል አልመጣም።

ፊሺንግ የሚባለው ማጭበርበር አጥቂው የታመነ ሰው ወይም ተቋም መስሎ የይለፍ ቃል የሚቀበልበት፣ ጎጂ ፋይል የሚያስከፍትበት ወይም ክፍያ ወደ ራሱ የሚያዞርበት ስልት ሲሆን፣ ጉልበቱም ከቴክኒኩ ይልቅ በጊዜ አመራረጡ ላይ ነው። በጀት ሊዘጋ ቀናት በቀሩት በሰኔ መጨረሻ፣ ወይም ሠራተኛው ለመስቀል ወደየቀዬው ሊበተን ሲል፣ ለፋይናንስ ክፍል ከዕቃ አቅራቢ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰ እንበል፤ የድርጅቱ ስም ትክክል ነው፣ ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ የውሉ ቁጥርም አልተሳሳተም፤ የተለወጠው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ሲሆን፣ በላኪው አድራሻ ውስጥ ደግሞ አንዲት ፊደል ቦታዋን ለቃለች። ከግርጌው «ለማረጋገጥ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ይላል፤ ስልኩን የሚያነሳውም ራሱ አጭበርባሪው ነው።

ይህ የመጨረሻው ብልሃት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በኒው ዮርክ ሲቲባንክ ከነበረው ሒሳብ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተላለፈው፣ የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ እንዳስረዱት፣ በሐሰተኛ ሰነድና በፋክስ በደረሰ ትእዛዝ ነበር፤ ሲቲባንክ ለማረጋገጥ የደወለባቸውን ስልኮችም በሰነዱ ላይ ያሰፈሩት አጭበርባሪዎቹ ነበሩ። ነገሩ የተገለጠው ገንዘቡ ከተላከላቸው ባንኮች አንዳንዶቹ ማስተናገድ አልቻልንም ብለው ሲመልሱና የብሔራዊ ባንኩ ሰው ዝውውሩን እንደማያውቀው ሲናገር ነው።

«ይህን አላውቀውም» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ውስጥ ቀላል አይደለም፤ «ተሳስቼ ከፍቼዋለሁ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። አለቃና ሠራተኛ በአንድ እድር በሚገናኙበት ከተማ ይሉኝታው ከደመወዝ ቅጣት ስጋት ጋር ተደምሮ አፍ ይዘጋል፤ «ማን ንካው አለህ?» ተብሎ አንድ ጊዜ በስብሰባ ፊት የተገሠጸ ሰው ካለ፣ ያንን ያየ ሁሉ የሚቀጥለውን ኢሜይል በዝምታ አጥፍቶ ያልፋል፣ አጥቂውም የተሰረቀውን የይለፍ ቃል ይዞ ለሳምንታት ይቆያል። ለዚህ ዝምታ ተጠያቂው ከሠራተኛው ይልቅ የገሠጸው ኃላፊ ነው።

ሕጉ በተቋሙ ደረጃ ግዴታውን አስቀምጧል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሚያስተዳድሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም ወዲያውኑ እንዲያሳውቁና ለፖሊስ እንዲያመለክቱ ያዛል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎች መረጃ ሲጣስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሠራተኛው ካልተናገረ ግን ተቋሙ የሚያሳውቀው አንዳች ነገር የለውም።

የሰዎችን መረጃ የመጠበቅ ጉዳይ ለቡታጅራ ሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ በአካባቢው በአእምሮ ሕመም ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም በዓለም የታወቁ ናቸው። እናቶች ደጃቸው ለመጣ መዝጋቢ ስለሞተ ልጃቸው የተናገሩት አምነው ነው፤ እንዲህ ያለ መረጃ ያለበትን ኮምፒዩተር የሚጠብቅ ሰው ጥርጣሬውን ማሳደር አይገባውም።

ለሠራተኛው የሚነገረው አጭር ነው። ኢሜይሉ አይጠፋም፣ መልስም አይሰጠውም፤ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕም አይበተንም፣ ከተቀባዮቹ አንዱ ሊንኩን ሊጫነው ይችላልና። የተከፈተ እንደሆነ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀላል ወይም ዋይፋዩ ይዘጋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ባለሙያ እስኪያየው ባይጠፋ ይመረጣል፣ ሲጠፋ ከጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው የሚሰረዝ የጥቃቱ ዱካ አለና። የይለፍ ቃሉ ከሌላ መሣሪያ ይለወጣል። ክፍያን በሚመለከት የሚደወለው በውሉ ፋይል ውስጥ ቀድሞ በተመዘገበው ስልክ ብቻ ነው። ጥቆማውን የሚቀበለው የአይሲቲ ባለሙያ ስምና ስልክ፣ እሱ ፈቃድ ሲወጣ ከሚተካው ሰው ጋር፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጥርጣሬው ባዶ ሆኖ ቢገኝም ለጠቋሚው በዚያው ቀን በምስጋና መልስ ይሰጠው።