ዱላውን ከየት አመጣው?

ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የሚወስደው መንገድ መራዊን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላንና አዲስ ቅዳምን እያለፈ ሳያስታውቅ ደጋ ይወጣል። ዳንግላ ላይ ጃኬቱን ያወለቀ መንገደኛ እንጅባራ ሲወርድ ጋቢ ያምረዋል። ወሩ ጥር ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ስለሚውል በየሜዳው ፈረስ ይገራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ በረድፍ ተተክሎ ይታያል፤ በጆንያ የታጨቀ ከሰልም መኪና ይጠብቃል። ይህን ማስታወሻ የያዝሁት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ እንደ ልብ መሄድ ቀርቷል።

ያስኬደኝ የተከላካይ ጠበቆች ጉዳይ ነው፤ ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆማቸው ባለሙያዎች። ስለ እነሱ የሚወራው ሁሉ ከአዲስ አበባው ልደታ ችሎት ብዙ አይርቅም። እኔ ግን ከገጠር ቀበሌ እስከ ችሎት ያለውን ርቀት ማየት ፈልጌ ነበር። በአማራ ክልል ውስጥ ለብዙ ዓመት ተከላካይ ጠበቃ፣ በኋላም የጠበቆቹ አስተባባሪ ሆነው የሠሩ አንድ ሰው ጡረታ ወጥተው ጥርባ እንደሚኖሩ ሰማሁና ተነሣሁ። ስማቸውንም ያገለገሉበትንም ከተማ አልጽፍም፤ የተነጋገርነው በዚህ ውል ነው።

እንጅባራ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ራፖር ጸሐፊዎች ወደሚቀመጡበት ሄጄ ቆምሁ። ነጠላዋን ያደገደገች አንዲት እናት ከአንደኛው ፊት በርከክ ብላ ልጇ መታሰሩን ትናገራለች።

«በምን ተከሰሰ?» አላት ጸሐፊው።

«በነገር።»

«በምን ነገር፣ እማማ?»

«በሰው ነገር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጸሐፊው ሌላ አልጠየቃትም። ልጁ ጠበቃ ማቆም እንደማይችል ገልጾ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት የሚል ማመልከቻ እንደሚጽፍላት ነገራት። ዋጋውን ጠየቀች። የማመልከቻውን ነገራትና «ጠበቃው ግን በነጻ ነው» አላት። እናትየው ትንሽ አሰበችና «በነጻ የሚመጣ ጠበቃ ምን ይረባል?» አለች። ጸሐፊው ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄዋን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፈርሁት፤ የዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር።

ጋሼ (እንዲህ እያልሁ ልጥራቸው) ጥርባ ላይ የጠበቁኝ ፈረሳቸውን ሲያበሉ ነው። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበ፣ የገብስ ጠላ ተቀዳ። «የምትጽፈው ስለ ሕጉ ነው ወይስ ስለ ሥራው?» አሉኝ። ስለ ሥራው መሆኑን ስነግራቸው «ሕጉማ አጭር ነው» ብለው ድንቹን ላጡ።

እውነትም አጭር ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጠዋል፤ አቅም ካጣና በዚህም የተነሣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ያዛል። ተከላካይ ጠበቃ የሚባለው ሥራ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ትንሽ ይቀድማል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የደርግ ባለሥልጣናት ሊከሰሱ ሲሉ እነሱም ጠበቃ ሊኖራቸው ይገባል ተብሎ ነው ጽሕፈት ቤቱ የቆመው። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ ዋናው ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። ትናንት አገር ሲገዙ ለነበሩ ሰዎች የተበጀው ወንበር ዛሬ ድንበር ገፋኸኝ ተባብሎ ለተጋደለ ገበሬ መዋሉ ይገርመኛል። ጋሼን አይገርማቸውም። «ለማንም ይበጅ፤ ወንበሩ መኖሩ ነው» አሉ።

አስተባባሪነት ምን ዓይነት ሹመት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ቀን ማከፋፈል ነው አሉኝ። ዳኛው መዝገቡን ያይና «ተከላካይ ጠበቃ ይቁምለት» ብሎ ይቀጥራል። ትእዛዙ ቢሮ ሲደርስ በአንድ ማለዳ ሦስት ችሎት ይውላል፤ ጠበቃው ግን ሁለት ነው፣ አንዱም ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ። እንግዲህ ማን የት ይቁም? ጋሼ ያስቀድሙት የነበረው ማረሚያ ቤት ያለውን እንጂ በዋስ የወጣውን አይደለም። ከታሰሩትም ሕፃን ያዘለች ሴትና አማርኛ በደንብ የማይሰማ ሰው ይቀድማሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአካባቢው፣ ከአዊ ዞን ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ በዚያው በአንቀጽ 20 አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይመደብለት ይላል፤ ግን አስተርጓሚ ችሎት ላይ ይመደባል እንጂ ጠበቃና ደንበኛ በእስር ቤት አጥር ሲነጋገሩ ማንም የለም። ጋሼ አዊኛ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ብቻ የእሳቸው ያልሆነ መዝገብ ስንት ጊዜ እጃቸው ላይ እንደ ወደቀ ሲያወሩ ግማሽ ኩራት ግማሽ ብስጭት አለበት።

አንድ ነገር ግን ከልክለው ነበር፤ ስም ብቻ ክፍት የተተወበትን የቅጣት ማቅለያ ጽሑፍ። «ተከሳሹ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ የቀድሞ ሪከርድ የለበትም» የሚል አንድ ገጽ አባዝቶ ያስቀመጠ ወጣት ጠበቃ ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስበው ቀደዱ። ላጤ ሰው የቤተሰብ አስተዳዳሪ ተብሎ ተነቦለት ዳኛው ራሱ ስቋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጠበቃው የሚመጣበት ሰዓት ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 61 የታሰረ ሰው ጠበቃውን ወዲያው ጠርቶ ማነጋገር ይችላል። ገንዘብ ያለው ይጠራል። የሌለው ደግሞ ክስ ተመሥርቶ ዳኛ ፊት እስኪቆም ይጠብቃል፤ ተከላካይ ጠበቃ የሚመደበው በአብዛኛው ያኔ ነውና። እስከዚያ ድረስ ፖሊስ ጣቢያ «የ27 ቃል» ይሰጣል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ «የ35 ቃል» ያስመዘግባል፣ በ59 መሠረት በየ14 ቀኑ ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቅበታል። የሕግ ሰዎች በቁጥር ነው የሚጠሯቸው። «መዝገቡን ስትከፍተው ሰውዬው ተናግሮ ጨርሷል» አሉኝ ጋሼ። «አንተ የምታርመው ንግግር እንጂ የምታዘጋጀው መከላከያ የለም።»

ሰው ተገድሏል፣ ገዳዩም አልካደም እንበል። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 539፣ በ540 እና በ541 መካከል የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ስፋት አለ። 539 ከባድ የግፍ ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ 541 ደግሞ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ራሱን ሲከላከል ከሆነ በ78 ነጻም ሊወጣ ይችላል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ጥቃቅን ነገር ነው፦ ማን ቀድሞ ሰደበ፣ ስንት እርምጃ ይራራቁ ነበር፣ መሽቷል ወይስ ገና ነው፣ ዱላውን ከየት አመጣው?

ስለ ዱላው ጋሼ ብዙ አወሩ። ዐቃቤ ሕግ «ተከሳሹ ዱላ ይዞ ከቤቱ ወጥቶ» ብሎ ክሱን ሲጀምር ተዘጋጅቶ የወጣ ያስመስለዋል። የአዊ ገበሬ ግን ወደ ገበያም፣ ወደ ለቅሶም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ዱላ ሳይይዝ አይወጣም፤ ውሻ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ከብት አለ። ባዶ እጁን የወጣ ዕለት ነው የሚያጠራጥረው። ይህን ደጋ አድጎ ዳኛ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ከከተማ የመጣው አያውቀውም፤ ቢያውቅም መዝገብ ላይ ከሌለ ሊፈርድበት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ያቺን ቀበሌ ሄዶ፣ ጎረቤት ጠይቆ፣ ለዚህ የሚመሰክር ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ዐቃቤ ሕግ ይህን የሚያደርግለት ፖሊስ አለው። ተከላካይ ጠበቃ ያለው እግሩ ነው።

ይህን ሲሉ የአሜሪካው ክላረንስ ጊዲዮን ትዝ አለኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ የፑል መጫወቻ ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ጠበቃ ጠይቆ ተከለከለና ለራሱ ተሟግቶ ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ለደሃ ተከሳሽ ጠበቃ ይቁምለት የሚለው የታወቀው ፍርድ ተሰጠ። የሚወራው እስከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለእኛ ይጠቅማል። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ አንድ የአገሩ ጠበቃ ቆመለት። ጠበቃው ከችሎቱ በፊት ከተማዋን ዞረ፣ ምስክሮቹን አነጋገረ፣ ዋናውን ምስክር ምን ብሎ እንደሚያፋጥጠው አወቀ። ጊዲዮን ነጻ ወጣ። ጋሼ ታሪኩን አዳመጡና «የሄደበትን አበል ማን ከፈለው?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም።

ከዚያ ወደ ሽምግልናው ገባን፤ እዚህ ላይ እኔና ጋሼ አልተስማማንም። ሰው ሲሞት የገዳይ ወገን ቶሎ ሽማግሌ ይልካል፤ ደም ካልደረቀ ወንድሙም አጎቱም ከቤት መውጣት አይችሉም። ካሳ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፣ ውሉም በወረቀት ይሰፍራል። ተከሳሹ በድርጊቱ ካመነ ይህ ወረቀት ወርቅ ነው፤ በአንቀጽ 82 ጉዳትን መካስና መጸጸት ቅጣት ያቀልለታል። ተከሳሹ «እኔ አይደለሁም» ሲል ግን ያው ወረቀት ይገድለዋል። አባቱ ሌሎቹን ልጆቹን ለማትረፍ ሲል «ልጄ ላጠፋው» ብሎ ፈርሟልና። ጋሼ እንዲህ ባለው መዝገብ ጠበቆቻቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ እየላኩ ውሉ «ደም የፈሰሰበት ቤተሰብ» እንዲልና የተከሳሹን ስም እንዲተው ያስለምኑ ነበር። እኔ ይህ የጠበቃ ሥራ አይደለም ባይ ነኝ፤ ጠበቃ በችሎት ይሟገት፣ የሽማግሌን ቃል አይቀርጽ። እሳቸው «እንግዲያው ሽማግሌው ብቻውን ቀርጾ ሲያመጣልህ ምን ትሆናለህ?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ ግን አልነበረም።

ተከላካይ ጠበቆች በፍርድ ቤት ሥር መሆናቸውንም አነሣሁ። በፌዴራል ደረጃም የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 ጽሕፈት ቤቱን ከፍርድ ቤቱ አላወጣውም። ተሟጋቹና ፈራጁ አንድ ቤት ሲያድሩ ነጻነቱ የት አለ? ጋሼ ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት እንዳሰቡበት ፊታቸው ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ቢሮ ይሰጣል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ዕድለኛ ከሆንህ መኪናም ያውስሃል፤ ብቻህን ብትወጣ ይህን ማን ይሰጥሃል? በሌላ በኩል ግን አንድ ቀን ከዳኛው ጋር ሻይ ሲጠጡ ደንበኛቸው በካቴና ታስሮ በበሩ አለፈ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ምንም አላወራቸውም። «ለእሱ የዳኛው ሰው ነበርሁ። እንዴት ይመነኝ?» ከዚያ ወዲህ ሻያቸውን ከራፖር ጸሐፊዎቹ ጋር ይጠጡ ጀመር። የእንጅባራዋን እናት ጥያቄ ነገርኋቸው። አልሳቁም፤ «እሷም እውነቷን ነው፤ ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ማን መሆኑን በምን ትወቀው?» አሉ።

ልሰናበት ስል ስልካቸው ጮኸ። የደወለው ከእሳቸው በኋላ ቢሮውን የያዘው ወጣት ነው፤ አሁንም ሲጨንቀው እንደሚደውል ነገሩኝ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መዝገብ ተከሰዋል፣ ለሁለቱም እሱ እንዲቆም ታዟል፣ ዛሬ ማረሚያ ቤት ሄዶ ሲያነጋግራቸው ታናሹ «የመታው ታላቄ ነው» አለው። ጋሼ ቁጭ አሉ።

«ታላቁ ምን አለ?»

ከወዲያ የተባለውን አልሰማሁም።

«እንግዲያው ከአንዱ ውጣ። ቀጠሮውን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለችሎቱ ጻፍ። ምክንያቱን አትዘርዝር፣ የጥቅም ግጭት አለ በል፣ በቃ። ከዘረዘርህ ለዐቃቤ ሕግ ነገርህለት ማለት ነው።»

ወጣቱ ብዙ አወራ።

«ሌላ ጠበቃ ከሌለ የለም ብለህ ጻፍ። ከሌላ ከተማ ማምጣት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፈንታ ነው፣ ያንተ አይደለም። አንተ የታናሹን ያዝና ቦታውን እየው። … መኪና የለም? ነገ እዚያ ገበያ አይደለም እንዴ፤ በሌሊት የእህል መኪና ይወጣል፣ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገር። ስትሄድ ደግሞ ከአጥሩ እስከ ውኃው ስንት እርምጃ እንደ ሆነ ራስህ ቁጠር፤ ሰው አታስቆጥር።»