በቆሎ የቀረጸው አዳራሽ

ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ኬፕታውን ብቅ ካላችሁ ወደቡ አጠገብ ያለውን የቀድሞ የእህል ጎተራ ሳታዩ አትመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1924 ተሠርቶ ሲያልቅ 57 ሜትር ቁመት ነበረው፤ በቆሎና ሌላም እህል ወደ ውጭ ይላክበት ነበር። ሥራው ሲያበቃ አልፈረሰም፤ በ2017 ዛይትዝ ሞካ የተሰኘ የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

የለውጡን ንድፍ የሠራው ቶማስ ሄዘርዊክ ነው። ተጣብቀው ከቆሙት 42 የኮንክሪት ጎተራዎች መሐለኞቹን አስፈልፍሎ ሰፊ አዳራሽ አወጣ፤ የአዳራሹን ቅርጽ የወሰደው ከአንዲት የበቆሎ ፍሬ ነው። ቀና ስትሉ የተቆረጠው አሮጌ ኮንክሪት ፊት ለፊት ይታያል።

ሙያዬ ገበያ ነውና አንድ ነገር ልበል፦ የመስታወት ሕንፃ የትም አለ። እንግዳን ከሩቅ የሚጠራው ሌላ ቦታ የማይገኘው ነው። በየከተማችን ያሉ አሮጌ ወፍጮ ቤቶችና መጋዘኖች ከመፍረሳቸው በፊት ይህን ብናስብ አንከስርም።