ከሰው በፊት የሚገባ ዓይን

ባላገር የእህል ጕድጓድ ሲከፍት ተንደርድሮ አይገባም። ክዳኑን አንሥቶ፣ አፈሩን ጠርጎ፣ ጕድጓዱ እስኪተነፍስ ድረስ ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የታመቀ አየር ጐበዝ አይመርጥምና። ይህን ጥበብ ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም፤ ያስተማረው ቀድሞ ገብቶ ያልወጣ ሰው ሞት ነው። እኔም ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው አሳብ ከዚሁ ከባላገሩ ጥበብ የራቀ አይደለም፤ ወደማይታወቅ ጕድጓድ ከሰው በፊት ሌላ ነገር ይግባ የሚል ነው።

የተወለድሁት መንዝ ነው። መንዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ብርዱን፣ ገብሱን፣ በርኖሱንና የድንጋይ ቤቱን ነው፤ ከመሬቱ ሆድ ስለሚወጣው የከበረ ድንጋይ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ ዓ. ም. አጋማሽ ከመዘዞ አካባቢ፣ ከመንዝና ግሼ አገር የወጣው ኦፓል በውጭ አገር የዕንቍ ሊቃውንት መጽሔት ላይ ተጽፎለት ስሙ ባሕር ተሻግሯል። ድንጋዩ ከላይ ሲያዩት ቡናማ ድቡልቡል ነው፤ ሲፈለጥ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እሳት ውስጡ ይጫወታል። አንድ ጕድለት አለበት፤ ከወጣ በኋላ ብዙው ይሰነጠቃል። በ2000 ዓ. ም. ደግሞ በደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አጠገብ ነጣ ያለና ከፊተኛው ይልቅ የሚጸና ኦፓል ተገኘ፤ የኢትዮጵያም ስም በዓለም የዕንቍ ገበያ ከፍ አለ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ቀለበቱን በጣቷ የምታደርገው ወይዘሮ ድንጋዩ እንዴት እንደ ወጣ ብታይ ምናልባት ጣቷ ይከብዳት ነበር። በወገል ጤና ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለት መካከል ተኝቶ በገደሉ ፊት እንደ ቀጭን መቀነት ይሄዳል። ቆፋሪው ይህን መቀነት ተከትሎ በዶማና በመዶሻ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል፤ ጐንበስ ብሎ ይጀምራል፣ በደረቱ ተኝቶ ይጨርሳል። የድጋፍ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ በደጋ አገር እንጨት ውድ ነውና። በላዩ ያለው ተራራ መቼ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም።

በ2016 ዓ. ም. በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ሃያ ያህል ሰዎች ውስጥ እንደ ቀሩ ወሬው በተሰማ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው አንድ ነገር ነበር። ከደጅ የቆመ ዘመድ ናዳው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከናዳው ወዲያ ክፍት ቦታ ይኑር አይኑር ለማወቅ ቢፈልግ ራሱ መግባት አለበት። አንዱን ለማዳን ሌላውን መስደድ ማለት ነው። የእህል ጕድጓድ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቀው ያ ጥንቁቅ ባላገር እዚህ ላይ መላው ጠፍቶበታል።

መላውን የሚያቀርብ መሣሪያ ግን ዛሬ በዓለም አለ። በስዊስ አገር፣ በሎዛን አካባቢ ያለ ፍላያቢሊቲ የሚባል ኩባንያ በቀፎ ውስጥ የሚበር ትንሽ ድሮን ሠርቶ በ2007 ዓ. ም. ዱባይ ላይ በተደረገ ውድድር አንድ ሚሊዮን ዶላር ተሸልሟል። የውድድሩ ዓላማ ድሮን ለሰው በጎ ሥራ እንዲውል ነበር። መሣሪያው በክብ ቀፎ የታጠረ ስለ ሆነ ግድግዳ ቢመታ ተንከባሎ ያልፋል እንጂ አይሰበርም። በሰማይ የሚበረው ዓይነት ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፤ ከመሬት በታች ግን የሳተላይት ምልክት አይደርስም። ስለዚህ በ2014 ዓ. ም. የወጣው አዲሱ ዓይነት በሌዘር ጨረር ይመራል፤ ዕውር በበትሩ ግድግዳውን እየዳሰሰ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እርሱም በጨረሩ ግራና ቀኙን እየለካ ይሄዳል። የለካውንም ወደ ካርታ ይለውጠዋል። መብራትና ካሜራ አለው፤ የሚመራው ሰው በዋሻው አፍ ቆሞ በመስኮት እንደሚያይ ሁሉ ያያል። በሌላው ዓለም የማዕድን መውረጃ ሲዘጋ፣ ጣራው የተጠረጠረ ጕድጓድ ሲኖር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጐተራ ሲመረመር፣ ሰው ከመስደድ ይህን ይሰድዳሉ።

ይህን ሁሉ ድንጋይ ለሚቆፍር አንድ ወጣት ዘመዴ ለማስረዳት «ድሮን» ብዬ ገና ስጀምር ወደ ሰማይ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ የዚህን ነገር ስም እዚህ አገር ባያነሡት ይሻላል» አለኝ።

ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ድሮን ስላደረሰው የሰላማውያን ሰዎች ሞት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የተባበሩት መንግሥታትም መግለጫ አውጥተዋል። ልጁ መግለጫውን አላነበበ ይሆናል፤ ድምፁን ግን ያውቀዋል። እኔም ቀስ ብዬ፣ ይህኛው ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን መሬት ውስጥ የሚገባ፣ መብራት እንጂ ሌላ የማይሸከም መሆኑን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣

«እንግዲያማ የሚበር ኩራዝ ይበሉት» አለ።

ከዚህ የተሻለ ስም እስካሁን አላገኘሁም። ብረት በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ማረሻም ጎራዴም ከአንድ ብረት ይወጣሉ። ነገር ግን የፈራን ሰው በዚህ ተረት ብቻ ማሳመን አይገባም። የሚበረው ኩራዝ ወደ አንድ ቀበሌ ከመምጣቱ በፊት ሽማግሌው፣ እናቶችና ቆፋሪዎች በቀን ብርሃን ሊያዩት፣ ሊይዙት፣ ምን እንደሚያይና ያየውን ማን እንደሚያስቀምጠው ሊጠይቁ ይገባል።

መሣሪያውን ከመጠን በላይ ማመስገንም አይገባም። ኩራዙ ያያል እንጂ ጣራ አይደግፍም። የሚበረው ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ዋሻው በተጠማዘዘ ቍጥር የሬዲዮ ሞገዱ ይደክማል፤ ቆፋሪው በደረቱ የሚሳብበት ጠባብ ቀዳዳም አይበቃውም። ስንጥቅ አይቶ ለተመለሰ ኩራዝ መልሱ እንጨት መደገፍ ወይም ያን ዋሻ ጨርሶ መተው ነው። ዋጋውም አንድ ቆፋሪ ሊሸከመው የሚችል አይደለም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ ዕንቍ የሚያወጣው ሰው ራሱ መብራት መግዣ የለውም። ስለዚህ ድንጋዩን ገዝቶ የሚያተርፈው ነጋዴና ግብሩን የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ድርሻቸውን ሊያዋጡ ይገባል እላለሁ።

የሚቀረው ሥርዓቱ ነው፤ ለሥርዓት ደግሞ መንዝ እንግዳ አይደለም። የጓሳን ሣር አያቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆዩት በአጥር አልነበረም። ሕዝቡ በመረጠው አባ ቄራ ሥር ሆነው ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቈርጦ ይከፈታል፤ ከተቈረጠው ቀን በፊት ማጭዱን ይዞ የገባ ይቀጣል። ይህ ደንብ እስከ 1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቆይቷል፤ ጓሳም ዛሬ በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው። ለሣር እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ሕዝብ ለልጆቹ ነፍስ ማውጣት ይሳነዋልን? ብዙ የቆፋሪዎች ማኅበራት ተባብረው አንድ ኩራዝና አንድ የሠለጠነ ወጣት ይኑራቸው፤ ከዝናብ በኋላ፣ ከናዳም በኋላ፣ ኩራዙ ገብቶ ሳያይ ማንም ዋሻ አይግባ ተብሎ ይወሰን፤ ያን ውሳኔ የጣሰ ይቀጣ።

ኦፓሉ በዐለቱ ውስጥ ስንት ሚሊዮን ዓመት ተኝቷል፤ አንድ ሰዓት ቢጨመርበት አይጎዳም። ለቆፋሪው እናት ግን ያች አንድ ሰዓት ልጇ ናት።