ለመጣል የታተመ ወረቀት

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ሥልጣን፣ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ነው። ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ የግል አመሌ ላጫውታችሁ እወዳለሁ፤ ወሬው ሲያልቅ ከፖለቲካው እምብዛም እንዳልራቅሁ ትፈርዱ ይሆናል።

አመሌ አሮጌ ጋዜጣ መሰብሰብ ነው። ያውም ተራ ጋዜጣ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ወጣቶች የቬትናምን ጦርነት፣ ዘረኝነትንና የወላጆቻቸውን አኗኗር በመቃወም ያሳተሟቸውን፣ በእነርሱ ዘንድ «አንደርግራውንድ» የሚባሉትን ጋዜጦች ነው የምሰበስበው (በአሜሪካ ነገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቴ «የሰው አገር ቆሻሻ» ትላቸዋለች። የሥራ ባልደረቦቼ ጨዋዎች ስለሆኑ «የዶክተር ቅርስ» ይሏቸዋል፤ ፈገግታቸው ግን ከባለቤቴ ቃል ጋር ይስማማል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ለሐበሻ የሎስ አንጀለስ ሂፒዎች ጋዜጣ ምን ይረባዋል?

መቀስ፣ ሙጫና ብሶት

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ከራሳቸው ከጋዜጦቹ ልነሣ። አርት ካንኪን «ሎስ አንጀለስ ፍሪ ፕሬስ»ን የጀመረው በ1964 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማክስ ሼር «በርክሌይ ባርብ»ን አወጣ፤ በኒውዮርክ «ኢስት ቪሌጅ አዘር» ተወለደ፤ በዲትሮይት ደግሞ ሃርቪ ኦቭሺንስኪ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት «ፊፍዝ እስቴት»ን መሠረተ። በ1966 ቴክሳስ ውስጥ «ዘ ራግ»፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ኦራክል» ተከተሉ። ብዙም ሳይቆይ የራሱ አንደርግራውንድ ጋዜጣ የሌለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በጦር ሰፈሮች ውስጥ እንኳ ወታደሮች ጦርነቱን የሚቃወሙ ጋዜጦች በድብቅ ያዘጋጁ ነበር።

ይህን ያህል የበዙት ብሶት ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ብሶት በየዘመኑ ሞልቷል። የኦፍሴት ማተሚያ በመርከሱ ነው። የእርሳስ ፊደል መልቀም ቀርቶ፣ በጽሕፈት መኪና የተመታን ጽሑፍ በመቀስ ቆርጦ፣ ከሥዕሉ ጋር በሙጫ ለጥፎ፣ ገጹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ማተም ተቻለ። ጋዜጦቹ በ1966 ማኅበር ሲያቋቁሙ የአባልነቱ ዋና ጥቅም አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያለ ክፍያ እንዲያትም መፈቀዱ ነበር። በኦስቲን የተጻፈው በሳምንቱ በዲትሮይት ይነበባል፤ የደራሲ መብት የሚባል ጣጣ የለም።

ሰብሳቢን የሚያሳብደው ግን መልካቸው ነው። «ኦራክል» የኖረው እስከ 1968 መጀመሪያ፣ የወጣውም 12 እትም ብቻ ነው። አታሚዎቹ የማሽኑን የቀለም ገንዳ ከፋፍለው የተለያየ ቀለም ጎን ለጎን ይሞሉበት ስለነበር ቀለሞቹ በኅትመቱ ሂደት እየተዋሐዱ ቀስተ ደመና ይሠሩ ነበር። በዚህም ምክንያት የአንዱ ቅጂ መልክ ከሌላው በትክክል አይገጥምም። ኦክላንድ ውስጥ በሚያዝያ 1967 የተጀመረው «ብላክ ፓንተር» ደግሞ ሌላ ዓይነት ውበት አለው። የመጀመሪያው እትም ዴንዚል ዳወል የተባለ ጥቁር ወጣት በፖሊስ መገደሉን ለመናገር በማባዣ የተባዛ ጥቂት ገጽ ነበር፤ በኋላ የኤመሪ ዳግላስ ሥዕሎች ሽፋኑን እንደ ግድግዳ ሥዕል አደረጉት። በእጄ ካሉት በአንዱ ጥግ ላይ «25 ሣንቲም» የሚለው ዋጋ አሁንም ይነበባል። ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ በነበርሁበት ጊዜ እኔ በ9 ዶላር ገዛሁት፤ ለተማሪ ኪስ የሁለት ቀን ምሳ ማለት ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ ጋዜጦቹን ከልብስ ይልቅ አስቀድሜ በሻንጣ አደረግኋቸው። በአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ወጣት ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አሮጌ ጋዜጣ ነው።»

«ለንግድ ነው?»

«አይደለም፤ ለማንበብ ነው።»

አንዱን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ረጅም ፀጉር ያላቸውን ጎረምሶች አየና፣ «ዜናው አላለፈበትም እንዴ?» ብሎ አሳለፈኝ። ከሰማኋቸው የታሪክ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የመሰለ አጭርና ጥሩ ጥያቄ አላስታውስም።

ኅቡዕ የማን ነው?

«አንደርግራውንድ»ን ወደ አማርኛ ስንመልስ «ኅቡዕ» እንላለን። ቃሉ ትክክል ሲሆን ነገሩ ግን አይገጥምም። የአሜሪካኖቹ ጋዜጦች በየመንገዱ ማዕዘን በይፋ ይሸጡ ነበር፤ አድራሻቸውና ስልካቸው በሁለተኛው ገጽ ላይ ታትሟል። ይህ ማለት አልተሳደዱም ማለት አይደለም። ሻጮቻቸው በብልግና ክስ ታስረዋል፤ አታሚዎቻቸው በማስፈራሪያ ሥራ አቁመዋል። በመጋቢት 1971 ጥቂት ዜጎች ሚዲያ በምትባል የፔንሲልቬንያ ትንሽ ከተማ የሚገኘውን የኤፍ ቢ አይ ቢሮ ሰብረው ሰነዶቹን ለጋዜጦች በላኩ ጊዜ «ኮኢንቴልፕሮ» የተባለው የስለላና የማፍረስ ዘመቻ ገሃድ ወጣ። ኋላም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ በ1975ና በ1976 ጉዳዩን መረመረ። ቢሮው በኢንዲያናና በቴክሳስ የተማሪ ጋዜጣ መስሎ የራሱን የሐሰት አንደርግራውንድ ወረቀት እስከ ማሳተም ደርሶ ነበር።

ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚያ ጋዜጣውን ያነበበ ሰው ጋዜጣውን ስለያዘ ብቻ አልተገደለም። አንባቢው ካነበበ በኋላ ጣለው ወይም የአያቱ ቤት ጣሪያ ሥር ረሳው፤ እኔም ከ40 ዓመት በኋላ በጥቂት ዶላር አነሣሁት። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1911 ጀምሮ የተቃዋሚዎችን ወረቀት የሚያኖር «ላባዲ» የተባለ ስብስብ አለው። የዊስኮንሲን ታሪክ ማኅበርም፣ መንግሥታዊ ተቋም ሆኖ ሳለ፣ መንግሥትን የሚሰድቡትን ጋዜጦች በጥንቃቄ አከማችቷል። ዛሬ ከእነዚህ ጋዜጦች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ይነበባሉ።

የእኛ ኅቡዕ ግን በእርግጥ ኅቡዕ ነበር። ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በኅዳር 1962 ዓ.ም. የወጣበት «ስትራግል» የተማሪዎች ማኅበር ልሳን ነበርና ቢያንስ ስምና ቤት ነበረው። ከሐምሌ 1966 ዓ.ም. ጀምሮ በስቴንስል ተመትቶ የተባዛው «ዴሞክራሲያ»፣ ብዙም ሳይዘገይ የተከተለው «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ግን አድራሻ አልነበራቸውም። የሚሄዱት ከእጅ ወደ እጅ ነው። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል ሌላው በኋላ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ፤ «ባንዳ» እና «አናርኪስት» እየተባባሉ ተፋጁ፤ ሁለቱንም በየተራ ደርግ በላቸው።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ እናቴ የታናሽ ወንድሟን ወረቀቶች ከፍራሽ ሥር አውጥታ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። «ሁለት ጊዜ እንጀራ ጋገርሁበት» ትላለች። አጎቴ በዚያው ዓመት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እኔ አላየሁትም፤ የተወለድሁት በኋላ ነው። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ከመቃጠሉ በፊት አንብበሽው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ በር እየተንኳኳ ይነበባል እንዴ?» አለችኝ።

እንግዲህ ለባልደረቦቼ ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። አጎቴ ያነበበውንና ምናልባትም የጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ በእርሱ ዕድሜ የነበረ የበርክሌይ ተማሪ በዚያው ዘመን ያነበበውን ግን ማንበብ እችላለሁ። ንጽጽሩ ቅዠት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የነበሩ የኢትዮጵያ ተማሪዎች «ቻሌንጅ»ን ያሳትሙ የነበረው በእነዚያ ዓመታት ነው። በ1969 አውሮፕላን ጠልፈው የወጡት እነ ብርሃነ መስቀል ረዳ በመጨረሻ ያረፉባት አልጀርስም፣ ብላክ ፓንተሮች ዓለም አቀፍ ቢሯቸውን የከፈቱባት ከተማ ነበረች። ዘመኑ አንድ ነበር፤ የወረቀቱ ዕጣ ግን ተለያየ።

ያልተቀደደው ገጽ

ይህን አመሌን የሰሙ አንድ አዛውንት፣ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባለፈው ዓመት ወደ ቢሮዬ መጡ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ስፈታው ሰባት የተባዙ ጽሑፎች ሆነው አገኘኋቸው። ጣሪያና ኮርኒስ መካከል እንደተቀመጡ ቆይተው ቤቱ ሲፈርስ የተገኙ ናቸው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሰባቱ አንዱ በራሪ ወረቀት ነበር። የየትኛው ድርጅት እንደነበረ ልዝለለው፤ ዛሬም የሚጣሉበት አሉ። በጀርባው የአንድ ሰፈር ሰዎች ስም ከነቅጽል ስማቸው ተዘርዝሯል፤ «እርምጃ» የሚገባቸው ናቸው ይላል። አዛውንቱ፣ «ዶክተር፣ ይህችን ገጽ ቀድደህ ሌላውን አኑርልኝ» አሉኝ። «ለምን ጋሼ?» ብላቸው፣ «ልጆቻቸው አሉ፤ የጻፈውም ልጆች አሉት» አሉ።

ተከራከርን። እኔ ያልሁት ይህን ነው፦ ገጿን ከቀደድን የሚቀረው የጀግኖች ስብስብ ይሆናል፤ እርሱም ውሸት ነው። የአሜሪካኖቹ ጋዜጦች ለነፃነት እየጮኹ ሴቶችን ለቡና ማፍያና ለሽፋን ሥዕል ብቻ ይፈልጓቸው እንደነበር የምናውቀው ገጾቹ ስላልተቀደዱ ነው። በ1970 መጀመሪያ የኒውዮርኩን «ራት» ጋዜጣ (በእነርሱ ቋንቋ አይጥ ማለት ነው) ሴቶች ሠራተኞች በቁጣ የተረከቡት ለዚህ ነበር። ዛሬ ያንን የሚያጠና ሰው ሁለቱንም እትሞች፣ አሳፋሪውንም ተቆጪውንም፣ ጎን ለጎን ያነባቸዋል። ማኅደር ሐውልት አይደለም፤ የሚያኮራውን ብቻ መርጦ አያቆምም።

አዛውንቱም ግን ትክክል ነበሩ። በሕይወት ያለን ሰው ስም ከ«እርምጃ» ጋር አድርጎ በኢንተርኔት መልቀቅ፣ በተለይ ሰው በስሙና በዘሩ በሚታደንበት በዛሬው ዘመን፣ ታሪክ መጻፍ ሳይሆን ያንኑ በራሪ ወረቀት ዳግመኛ ማባዛት ነው። በመጨረሻ ተስማማን። ገጿ አልተቀደደችም፤ በፖስታ ታሽጋ፣ የተጠቀሱት ሰዎች ዕድሜ እስኪያልፍ እንዳትገለጥ የሚል ማስታወሻ ተጽፎባት ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣለች። ስድስቱን ግን ፎቶ አንሥቼ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። አንዲት ተማሪ ሁለት ተፃራሪ ጽሑፎች አንብባ፣ «እነዚህ ሰዎች በዘጠኙ ነገር ይስማሙ ነበር እኮ!» አለች። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ላስተምር የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

የእኛስ ወረቀት?

ወዳጆቼ፣ ይህን ሁሉ ያወጋሁት ስላለፈው ለማልቀስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያስቀረልን ብዙ ነገር አለ፤ ባለውለታችን ነው። የሚያሳስበኝ የራሳችን ዘመን ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ እንጉዳይ የፈሉት የግል ጋዜጦች፣ አራት ኪሎ ቁጭ ብለን በሣንቲም ተከራይተን ያነበብናቸው፣ የበርበሬና የስኳር መጠቅለያ ሆኑ፤ የቀረው በቆራሌው ጆንያ ወደ ምናለሽ ተራ ሄደ። ከምርጫ 97 በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ። ክርክሩ ወደ ብሎጎችና ድረ ገጾች ሲሸሽ እነርሱም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ ታገዱ። በ2010 ዓ.ም. እገዳው ሲነሣ ከአድራሻዎቹ ብዙዎቹን ብንሞክራቸው ባዶ ሆነው አገኘናቸው፤ የዓመት ኪራይ የሚከፍልላቸው ጠፍቶ ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ የምንጻጻፈውን ለማጥፋት ምድጃ እንኳ አያስፈልግም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በቤታችሁ አሮጌ ጋዜጣ፣ በራሪ ወረቀት ወይም የተባዛ ጽሑፍ ካለ አትጣሉት። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የወረሰው ሊግኒን የሚባል ነገር ስላለበት በብርሃን ይቢጫልና ይሰባበራል። በጨለማና በደረቅ ቦታ በጠፍጣፋው አስቀምጡት፤ የተቀደደውን በፕላስተር አትጠግኑት፣ ማጣበቂያው ወረቀቱን ይበላዋል። ከዚያ ፎቶ አንሡት። የምትጠሉት ወገን ያሳተመው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁለት፤ የእናንተን ወገን ወረቀት ሌላ የሚያኖረው አይጠፋም።

ያ ወጣት ፈታሽ ዜናው አላለፈበትም ወይ ብሎኝ ነበር። እስከማውቀው ድረስ መሬት፣ ብሔረሰብ፣ ሥልጣን የሚሉት ቃላት በሰባቱ ወረቀቶች ላይ ሁሉ አሉ፤ በዛሬ ጠዋቱ ዜናም ነበሩ።

ቸር ይግጠመን።