ምንጩ ማነው?

እኛ መስቀልን እምድብር አሳልፈን ተመልሰናል። ክትፎውንና ቆጮውን አናወራችሁም፤ ያልቀመሰ አያምነንም፣ የቀመሰ ደግሞ ያውቀዋል። የምናወራችሁ ስለ ውኃ ነው። የኮምፒውተር ነገርም አለበት፤ ግን አትሽሹ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ማለት የአክስትና የአጎት ልጆች ነን፤ አንዳችን ጋዜጠኝነት ተምራ በወጉ የተመረቀች፣ ሌላው ሶፍትዌር ሲጽፍ የሚያድር። አገር ቤት ስንገባ አንድ ሙግት ጠበቀን። አጎታችን ከሰፈሩ ምንጭ በላይ ባሕር ዛፍ ተክለዋል። ምንጩ በጋ ላይ ቶሎ እየደረቀ ያስቸገራቸው ጎረቤቶች «የጠጣብን ዛፉ ነው፤ ይቆረጥ» ይላሉ። አጎታችን ደግሞ «የቀነሰው ዝናቡ ነው። የእግዜርን ሥራ በእኔ ዛፍ ላይ አታላክኩ» ይላሉ። ለእሳቸው ያ ዛፍ የልጆቻቸው ደብተርና ዩኒፎርም ነው፤ ሲቸግራቸው አጣና ይሸጣሉ። ለጎረቤት ሴቶች ደግሞ ምንጩ ደረቀ ማለት ጀሪካን አዝሎ ሌላ ሸለቆ መውረድ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

እኛ ታዲያ ምን አልን? «ይህማ ቀላል ነው፤ ዳታ አለ!»

እውነትም አለ። ድሮ የውኃ ሞዴል ሲባል ዝናቡንም አፈሩንም ወንዙንም በአንድ ሆዱ የያዘ ግዙፍ ሶፍትዌር ነበር። ዛሬ ሥራው ተከፋፍሏል። ዝናቡን ከአንዱ አገልግሎት፣ የወንዙን ፍሰት ከሌላው፣ ካርታውን ከሦስተኛው በኢንተርኔት ትጠይቁና እንደ ጡብ ትደረድሩታላችሁ። መጠየቂያውን በር ባለሙያዎቹ ኤፒአይ ይሉታል። ቺርፕስ የሚባለው፣ በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዘነበውን በነፃ ይሰጣል። ጂኦግሎውስ የሚባለው ደግሞ የወንዞችን ፍሰት ለ15 ቀናት አስቀድሞ ይተነብያል። የእኛዎቹም አልተኙም፤ የአገራችን ሚቲዎሮሎጂ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት ጋር ያዋሐደበት ኢናክትስ የተባለ ሥራ አለ።

የአጎታችን ልጅ ላፕቶፑን ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አገናኘ፤ ጥቂት መስመር የፓይተን ኮድ ጻፈ። ቡናው ሳይፈላ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ የእምድብር ዝናብ በግራፍ ተደርድሮ መጣ። እንዴት ኮራን!

አጎታችን መነጽራቸውን አድርገው ረጋ ብለው አዩት። አንዱ ዓመት ከፍ፣ አንዱ ዓመት ዝቅ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ማን ለካው?»

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ያደረቁን «ምንጭሽ ማነው?» እያሉ ነበር። አሁን አጎታችን ያንኑ ፈተና ደገሙት። እውነቱን ነገርናቸው። ሳተላይቱ ዝናቡን በእጁ አልለካም፤ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ ይገምታል። ግምቱን የሚያርመው በየጣቢያው ያለው የዝናብ መለኪያ ነው። ያ ማለት ጠዋት ጠዋት መለኪያውን አይቶ ቁጥሩን መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። እምድብርም እንዲህ ያለ ጣቢያ አላት፤ የዋቤን ተፋሰስ ያጠኑ ሰዎች ልኬቱን ይጠቀሙበታል። ሌላም አለ። የቺርፕስ አንዲት ነጥብ በየጎኗ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ምንጩም፣ ባሕር ዛፉም፣ የከሳሽና የተከሳሽ እንሰትም እዚያች አንዲት ነጥብ ውስጥ ገብተዋል። በምን ትለያቸዋለች?

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ ጨረሱን። «እሺ፣ ዝናቡን ለካችሁ። ምንጩንስ ማን ለካው?»

ማንም። በየትኛውም ሰርቨር ላይ፣ በየትኛውም ኤፒአይ የለም። ጡቡን ሁሉ ደርድረን መሠረቱን ረስተናል።

ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ጡብ ባለቤት አለው። ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ማስጠንቀቂያ በእኛው በ1977ቱ ረሃብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመ ነው፤ ቺርፕስም የተሠራው ለእሱ እንዲያግዝ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ሲያቆም የፊውስ ኔት ድረ ገጽ ለወራት ጠፋ። በእኛ ረሃብ የተወለደ መረጃ፣ እኛ ሳንጠየቅ ተዘጋ። ነፃ ነው ማለት የእኛ ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ ዳታው ከንቱ ነው እያልን አይደለም። አገር ምድሩን ለማየት ከእሱ የተሻለ የለንም። የሰፈራችንን ምንጭ ግን ሰፈራችን ካልለካው ማንም አይለካውም።

ሽማግሌዎቹ ለምንጩ የቀረቡት ሁለት መስመር ዛፎች እንዲነሱ፣ የቀረው እስከ መጪው መስቀል እንዲቆይ ፈረዱ። አጎታችን ቅር አላቸው። እኚያ እናትም «እናንተ እስክትለኩ በጋው በጀርባችን ያልፋል» አሉን። መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም።

እኛ ያደረግነው ትንሽ ነው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ በየእሁዱ የ20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ ሥር ታስቀምጣለች፤ በስንት ሰከንድ እንደሞላ በስልክ ትቆጥርና ደብተር ላይ ትጽፋለች። ባለፈው እሁድ መልእክቷ ደረሰን፤ «20 ሊትር፣ 94 ሰከንድ።» ከ40 ዓመቱ ግራፍ ይልቅ በዚህ ተደሰትን። የአጎታችን ልጅም ቁጥሩ ከዝናቡ ጎን የሚገባበትን ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ጨርሷል።

አጎታችን ደውለው «አሁንስ ማን ለካው?» ቢሉን ስሟን እንነግራቸዋለን።

ቸር እንሰንብት!