ፀሐይን በጸሀይ ስንፈልጋት

ፀሐይ ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ጸሀይ ብላችሁ ጻፉ። ለአንባቢ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆማ «ፋይልዎ የለም» ልትባል የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። ፋይሉ ግን እዚያው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሶቪየታዊው የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን የኮድ ስሕተት ስለማረም ሲያጠና የቃላትን «ርቀት» መለኪያ አቀረበ። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር ቢያንስ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት ያስፈልጋል? በቃ፣ ርቀቱ ያ ነው።

በዚያው ዓመት ባኩ ተወልዶ አሜሪካ ያስተምር የነበረው ሎትፊ ዛዴህ የ«ፈዚ» አስተሳሰብን መሠረት ጣለ። «ረጅም ሰው» ከስንት ሴንቲ ሜትር ይጀምራል? ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም። ስለዚህ ነገሩን እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ከማለት ከ0 እስከ 1 ባለው ደረጃ እንለካዋለን።

ሁለቱ ሐሳቦች አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ግን ያቀላቅላቸዋል። ስም ፍለጋ ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ርቀቱ ይቆጠርና መመሳሰሉ በደረጃ ይገለጻል።

ታዲያ ቀመሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት አደጋ አለው። ፀሐይና ጸሀይ ከሦስት ፊደል የሚጋሩት አንዱን ብቻ ስለሆነ መመሳሰላቸው 0.33 ነው። አበበና አበባ ግን ሁለቱን ስለሚጋሩ 0.67 ያገኛሉ። ማሽኑ አንዲቱን ሴት ለሁለት ከፍሎ አበበንና አበባን አንድ ሰው ሊያደርጋቸው ነው! የመጀመሪያው ስሕተት ሰው ያንገላታል። ሁለተኛው የአንዱን ታካሚ የደም ዓይነት በሌላው ካርድ ላይ ሊያስነብብ ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለፍለጋው ብቻ አስቀድመው ወደ አንድ ይምጡ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ። ከዚያ ርቀቱ ይቆጠር። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር የአባትና የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመንም አብረው ይታዩ። ማሽኑ «እነዚህ ይቀራረባሉ» ብሎ ዝርዝር ያቅርብ፤ «እሷ ናት» የሚለውን ግን ባለጉዳይዋን ፊት ለፊት የሚያያት ሠራተኛ ይወስን።

ሲስተም የምትገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፀሐይን በጸሀይ ስንፈልጋት ትወጣለች ወይ?