መርፌ የጀመረ ሰው

ሆሳዕና የምትኖረው አክስቴ ስኳር በሽታ እንዳለባት ለስድስት ዓመት ከጎረቤት ደብቃ ኖራለች። በያሆዴ በዓል ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ከቡላና ከቅቤ የተሠራው አታካና ሲቀርብ፣ «አልበላም» ማለት ምስጢር ማውጣት ስለሚመስላት ከሁሉም እኩል ትበላለች። ሌሊቱን ውሃ ስትጠጣና ወደ ደጅ ስትመላለስ ታነጋዋለች።

ካቻምና ሐኪሟ «ኪኒኑ ብቻውን አልበቃዎትም፤ ኢንሱሊን እንጀምር» አላት። ቤቷ ገብታ ሣጥኗን ከፈተችና ነጠላዋ ለማን፣ ጋቢዋ ለማን እንደሚሆን ትነግረኝ ጀመር። «ልጄ፣ መርፌ የጀመረ ሰው አይከርምም» አለችኝ። አንድ ጎረቤቷ መርፌ በጀመሩ በሦስተኛው ወር ሞተው ነበር። ለእሷ የታያት መርፌው ነው እንጂ ከዚያ በፊት ያለ ሕክምና የባከኑት ዓመታት አይደሉም።

እህል ዘጋት፤ እንቅልፍ ራቃት። እኔ ስኳሩ የጸናባት መስሎኝ ነበር። ለካስ ከስኳሩ ይልቅ የከበዳት በልቧ የሣለችው የበሽታው መልክ ኖሯል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሃዋርድ ሌቨንታል ሕመምተኛ ለራሱ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ዘርዝረዋል፤ የያዘኝ ምንድን ነው? ከምን መጣ? እስከ መቼ ይቆያል? ምን ያደርሰኛል? መላ አለው ወይ? ጭንቀቱም መጽናናቱም ከመልሱ ጋር ይመጣል። የአክስቴ መልስ አጭር ነበር፤ «ሻይ ሳጣፍጥ በራሴ ላይ ያመጣሁት ነው፤ መጨረሻው ሞት ነው።» ስሙ ራሱ አሳስቷታል። በሽታውን ግን ዘርም፣ ዕድሜም፣ ውፍረትም ያግዙታል። መርፌውም ሰውነት በበቂ ማመንጨት ያቃተውን ኢንሱሊን ይተካል እንጂ የስንብት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በመጀመሪያ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ለሞት ተቃርቦ ሳለ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል።

ይህን ሁሉ ነገርኋት፤ አልሰማችኝም። የሰማችው ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ከጎኗ የተቀመጡትን የዶዮገና እናት ነው። «እኔ መርፌ ከጀመርኩ 12 ዓመቴ ነው፤ እህቴ። ማቀዝቀዣ የለኝም፤ መድኃኒቱን በማሰሮ አድርጌ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አኖረዋለሁ» አሏት። አክስቴ ዓመቱን በጣቷ ቆጠረች። በማግሥቱ ተወጋች።

ዘንድሮም በያሆዴ አታካናው ቀረበ። «ለእኔ ትንሽ ብቻ፤ ስኳር አለብኝ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ አጎቴ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ «እኔም አለብኝ» አሉ።